ለመሆኑ ማን ነው የሚቀዝፈው?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ የባሕር ወሬ ነው። ባሕሩ ሩቅ ነው፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል። ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፤ ኋላ በቁጥር እንዳንጣላ።

በሃዋይ ሞሎካይ የምትባል ደሴት አለች። ከእሷ ማዶ ኦዋሁ አለች፤ ሆኖሉሉ ከተማ የምትገኘው እዚያ ነው። በሁለቱ መካከል የካይዊ ሰርጥ ተዘርግቷል፤ ስፋቱ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዚያ አካባቢ ባሕር ቀልድ አያውቅም። በ1978 ሆኩሌዓ የተባለችው ባለሸራ ታንኳ ሌሊት ተገልብጣ ተሳፋሪዎቿ ቀፎዋ ላይ ተንጠልጥለው ሲያድሩ፣ ኤዲ አይካው የሚባል ስመ ጥር የባሕር ዳርቻ ነፍስ አዳኝ «እርዳታ ልጥራ» ብሎ ሞገድ መንሸራተቻ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ እየቀዘፈ ሄደ። ጓደኞቹ ተረፉ። እሱ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቱትስ ሚንቪል የሚባል ሰው «ይህን ሰርጥ በታንኳ እንሽቀዳደምበት» የሚል ሐሳብ አመጣ። ሰሚው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው ግን ችክ ያለ ነበርና በ1952 ሦስት ታንኳዎች ከሞሎካይ ምዕራብ ጫፍ ተነሡ። የሞሎካይ ልጆች 8 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ቀዝፈው ኦዋሁ ላይ፣ ዋይኪኪ ዳርቻ ቀድመው ደረሱ። ውድድሩ «ሞሎካይ ሆኤ» ተባለ፤ 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሚቀዘፍበት ዝነኛ የሃዋይ የታንኳ ፉክክር ነው። ምርጦቹ ቡድኖች አሁን ከ5 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል።

ታንኳዋን ላስተዋውቃችሁ። ርዝመቷ 13 ሜትር ተኩል ግድም፣ ክብደቷ ከ180 ኪሎ በላይ። ወገቧ ቀጭን ስለሆነ ብቻዋን ብትተዋት ትገለበጣለች፤ ስለዚህ በግራ ጎኗ በሁለት አግዳሚ እንጨቶች የታሰረ ተንሳፋፊ አላት። «አማ» ይሉታል። ወደ ቀኝ አብዝተህ ካዘነበልክ አማው ከውሃው ይነሣል፣ ከዚያ ሁሉም ባሕር ውስጥ ነው።

ስድስት ሰው ይቀመጥባታል፣ ፊትና ኋላ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ። አንድ ቁጥር ምቱን ያወጣል። ሁለት ቁጥር በሌላው ጎን ያንኑ ምት ይይዛል። ሦስትና አራት ቁጥር ጉልበት ናቸው፤ ከባድ ከባዱ ሰው እዚያ ይቀመጣል። አምስት ቁጥር ጉልበትም ነው፣ የመሪው ረዳትም ነው። ስድስት ቁጥር ከኋላ ሆኖ በመቅዘፊያው ይመራል። ከመሃል አንዱ በየ12 እስከ 15 ምቱ ይጮኻል፤ በአንድ ቅጽበት ሁሉም መቅዘፊያውን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ስድስቱ ሰዎች አንድ አካል ይመስላሉ።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ አካል ከመሰሉ፣ ከስድስቱ ማን እንደሚጎትትና ማን እንደሚጎተት በምን ይታወቃል? ሁሉም መቅዘፊያውን ያነሣል፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ ያስገባል፣ ሁሉም ያልበዋል። ታንኳዋ ግን አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያላት፤ የስድስቱ ድምር። ከድምሩ ውስጥ የእኔን ድርሻ ለይታ አትናገርም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። እውነት ነው። ግን ሎሚዋን የያዘ መስሎ ባዶ እጁን ጨብጦ የሚሄድም አይጠፋም። ደቦ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አጨዳው መሃል ገብቶ ከሁሉ በላይ እየፎከረ፣ ከሁሉ በላይ እየጨፈረ፣ ማጭዱ ግን ነዶ የማይሞላለት አንድ ጎረቤት ሁልጊዜ አለ። ጠላው ሲቀርብ ግን የሚቀድመው የለም።

ነገሩን በቁጥር የያዘው ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ነበር። በ1880ዎቹ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ በመለኪያ ለካ፤ ውጤቱም በ1913 ታተመ። ሁለት ሰው አብሮ ሲጎትት እያንዳንዱ ለብቻው ከሚችለው 93 በመቶ ያህሉን ሰጠ። ስምንት ሲሆኑ ግማሹን እንኳ አልሞሉም፤ 49 በመቶ።

አንድ ብልህ አድማጭ አሁን «ቆይ እንጂ፣ ስለሰነፉ ነው ወይስ በአንድ ላይ መጎተት ስላልቻሉ?» ማለት አለበት። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰው ሲበዛ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃልና። በ1974 ኢንግሃም የተባለ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር ይህን ለየው። የሚፈተነውን ሰው ዓይኑን ሸፍነው ከገመዱ ፊት አቆሙት። ከኋላው የቆሙት ሰዎች የሚጎትቱ እያስመሰሉ ገመዱን ጨርሶ አልሳቡም። ሰውዬው ብቻውን ነው የሚስበው፤ የሚያበላሽበት አጋር የለም። ግን ሌሎች አሉ ብሎ ስላመነ ብቻ ጉልበቱ ቀነሰ። ክፋት የለበትም፤ እያወቀም አልነበረም። ሁለት በሽታ አለ ማለት ነው፦ አንዱ አለመቀናጀት፣ ሌላው መደበቅ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ቢብ ላታኔ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1979 ሰዎችን አስጮኹ፣ አስጨበጨቡ፤ ያው ውጤት መጣ። በ1981 ግን አንዲት ነገር ጨመሩ፦ «በቡድን ስትጮኹም የእያንዳንዳችሁን ድምፅ ለይተን እንለካለን» አሏቸው። መደበቁ ጠፋ። የምወደው ግን በ1989 በዩኒቨርሲቲ ዋናተኞች ላይ የተደረገውን ነው። የእያንዳንዱ ዋናተኛ ሰዓት በይፋ በማይነገርበት ጊዜ፣ በቅብብል የዋኙት ለብቻቸው ከዋኙት ዘገየ። ሰዓታቸው ሲነገር ነገሩ ተገለበጠ፤ በቡድን የዋኙት ለብቻቸው ከዋኙት ፈጠነ። ያው ዋናተኛ፣ ያው ገንዳ።

ወደ ታንኳችን እንመለስ። በ1976 ታሂቲ ከምትባል ሌላ የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት የተነሡ ቀዛፊዎች ወደ ሃዋይ መጥተው ሞሎካይ ሆኤን አሸንፈው ሄዱ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ሼል ቫአ የተባለው የታሂቲ ቡድን ዋንጫውን ደጋግሞ ወሰደ። በገዛ ሰርጣቸው መሸነፍ ለሃዋዮች ቀላል አልነበረም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ታሂቲ ውስጥ ቀዘፋ የአገሩ ዋና ስፖርት ነው፤ ከ1992 ጀምሮ ሃዋይኪ ኑይ የሚባል ከሁዋሂኔ ደሴት ተነሥቶ ቦራ ቦራ ደሴት የሚደርስ የሦስት ቀን ውድድር አላቸው። እኔ ግን ጣቴን የምጠቁመው ወደ ሌላ ነው። የታሂቲ ቀዛፊ የግል ታንኳ አለው። ከሥራ በፊት ወይም ከሥራ በኋላ ብቻውን ሐይቅ መሰሉ የባሕር ዳር ውሃ ላይ ይወጣል። «ቴ አይቶ» የተባለ የብቸኞች ውድድር አላቸው፤ የትልልቆቹ ቡድኖች ኮከቦች እዚያ አንድ ለአንድ ይተያያሉ። ያቺ ታንኳ ደግሞ መሪ የላትም። አቅጣጫዋን የምትይዘው በመቅዘፊያው ብቻ ነው። አንድ ጠማማ ምት ከመታህ አፍንጫዋን ታዞርብሃለች። ወቀሳው ወዲያው ነው።

ሃዋዮችም ይህን መንገድ ይዘዋል። የስድስቱ ታንኳ ወቅት የፈረንጆቹ በጋ ነው፤ ሞሎካይ ሆኤ ጥቅምት ግድም ይመጣል። ከጥር እስከ ግንቦት ድረስ ያለው ግን የነጠላ ታንኳ ጊዜ ነው። እነዚህኛዎቹ በእግር የሚረገጥ መሪ አላቸው፣ ከካርቦን ይሠራሉ፣ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ አንድ ሰው ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል።

አሁን አንድ ክለብ በዓይነ ህሊናችሁ አምጡልኝ። ስም የለውም፣ እኔው ነኝ የፈጠርኩት። ቦታው ግን የእውነት ነው፤ ከዋይኪኪ ጀርባ ያለው የአላ ዋይ ቦይ። ቀጥ ያለ፣ የረጋ፣ ሞገድ የማያውቀው ውሃ። ከዳሩ ሰው ይሮጣል፣ መኪና ያልፋል፣ ቀዛፊዎች ይለማመዳሉ። አሰልጣኙን ሁሉም «አንክል» ነው የሚሉት፤ በሃዋይ ታላቅ ሰው እንዲህ ይጠራል። አንክል አንድ ጠዋት ሰዓቱን ይዞ መጣ። «ዛሬ ትልቋ ታንኳ አትወርድም» አለ። «አንድ በአንድ፣ በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት ትነሣላችሁ። 2 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። የሚሽቀዳደም የለም፣ የሚሽቀዳደመው ከሰዓቱ ጋር ነው።» ብስክሌተኞቻችን «ክሮኖ» የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው።

አራት ቁጥር ግዙፍ ሰው ነው። በትልቋ ታንኳ ውስጥ ውሃውን ሲመታው ፍንጣቂው እስከ ስድስት ቁጥር ይደርሳል። ነጠላዋ ላይ ሲቀመጥባት ጠርዟ እስከ ውሃው ሰመጠች። ተነሣ። የመጀመሪያውን 500 ሜትር ያየ ሰው «ይሄ ማንንም ይቀድማል» ይላል። አንክል ግን ሰውየውን አይደለም የሚያየው፤ የታንኳዋን አፍንጫ ነው። በእያንዳንዱ ምት አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሣል፣ ከዚያ ትንቦጫረቃለች፣ ከዚያ ለአፍታ ትቆማለች። መቅዘፊያው ከእግሩ ጣት አጠገብ ገብቶ ዳሌው ጋ መውጣት ሲገባው፣ ይህ ሰው እስከ መቀመጫው ጀርባ ድረስ ይጎትተዋል፤ በዚያች ትርፍ ጉተታ ውሃ እያነሣ የታንኳዋን ኋላ ወደ ታች ይስባል። 180 ኪሎዋ ታንኳ ይህን ኃጢአት ሸፍናለት ኖራለች። 10 ኪሎዋ አልሸፈነችም።

ከመታጠፊያው በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። የሰውዬው ጉልበት ሞተ። ውሃ ክፉ አበዳሪ ነው፤ ፍጥነትህን 10 በመቶ ለመጨመር ሲሶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቅሃል። መጀመሪያ ላይ ያባከነውን መጨረሻ ላይ ከነወለዱ ከፈለ። በትልቋ ታንኳ ሲደክመው አምስቱ ይሸከሙት ነበር፤ ደክሞት እንደነበር እሱ ራሱ አላወቀም።

አምስት ቁጥር ቀጭን ልጅ ናት። ድምፅ የላትም፣ ፍንጣቂ የላትም። ሰዓቷ ግን ከአራት ቁጥር በ40 ሰከንድ አነሰ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ወሬውም «ትንሿ ትልቁን አዋረደችው» ሆነ። ጥሩ ወሬ ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ልጅቷ ቀላል ስለሆነች ነጠላዋ ታንኳ ከውሃው በላይ ትንሳፈፍላታለች፤ የቀዛፊው ክብደት ዘጠና ኪሎ ሲያልፍ ያቺው ታንኳ ገብታ ታርሳለች። በትልቋ ታንኳ ውስጥ ሲቀመጡ ግን የሚገፋው የጋራ ክብደት ነው፤ እዚያ የግዙፉ ሰው ጡንቻ ዋጋ አለው። ሰዓቱን ብቻ አይቶ አራት ቁጥርን የሚያባርር አሰልጣኝ ሞተሩን ነቅሎ ይጥላል። አንክል አላባረረውም። «አወጣጥህን አሳጥር፣ ሩጫህን አከፋፍል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እናያለን» አለው። የሚያወዳድረውም ከልጅቷ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከዛሬው ሰዓት ጋር እንደሆነ ነገረው።

ነፋስም ይዋሻል፣ ልንገራችሁ። «ሄዶ መመለስ ስለሆነ ነፋሱ ይጣፋል» የሚሉ አሉ። አይጣፋም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ነፋስ በሌለበት 4ቱን ኪሎ ሜትር በ24 ደቂቃ ይጨርሳል። ነፋሱ በአንዱ አቅጣጫ 1 ኪሎ ሜትር ቢጨምርለት፣ በሌላው 1 ቢቀንስበት፣ 24 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ግድም ይፈጅበታል፤ ምክንያቱም በመጥፎው አቅጣጫ የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። በሁለት ቀዛፊዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ15 ሰከንድ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዋቂ አሰልጣኝ በአንድ ጠዋት ሰዓት አይፈርድም፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ታንኳ ያስነሣል፤ ነፋስ በዛ ካለም ሰዓቱን ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ሁለት በሽታ አምጡ። የነጠላዋ ታንኳ ሰዓት የሚያክመው መደበቅን ነው። አለመቀናጀትን አያክምም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። የነጠላዋን ታንኳ ወቅት ሙሉ ብቻውን የቀዘፈ ሰው የራሱን ምት አገኘ ማለት ነው፤ ያንን ምት ተሸክሞ ትልቋ ታንኳ ውስጥ ሲገባ አንድ ቁጥር ከሚያወጣው ጋር ይጋጫል። በመቅዘፊያ ስፋት የምታህል መዘግየት እንኳ በቂ ናት፤ ታንኳዋ ስድስቱ እኩል ሲይዙ የሚሰማትን ያቺን አንድ ግፊት ታጣለች። የብቸኞች ሻምፒዮኖችን ሰብስቦ ስድስቱን በአንድ ታንኳ የጫነ አሰልጣኝ የግድ ፈጣን ቡድን አያገኝም። የጀልባ ቀዛፊዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው፤ ሁለት ጀልባ አስነሥተው ያሽቀዳድማሉ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ጀልባ አንድ አንድ ሰው ብቻ አቀያይረው እንደገና ያሽቀዳድማሉ። የሚገርመው፣ ለብቻው ሲለካ ተራ የሆነ ሰው የገባበት ጀልባ ሁሉ የሚፈጥንበት ጊዜ አለ። ሰዓቱ ያላየውን ነገር ጓደኞቹ በጀርባቸው ያውቁታል።

አንዳንድ ክለቦች የሰዓቱን ዝርዝር ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። እኔ አልወደውም። «ካልተነገረ አይሠራም፣ ዋናተኞቹስ?» ትሉኝ ይሆናል። የዋናተኞቹ ሰዓት የተነገረው እኮ ቅብብሉ ውስጥ እያሉ ነው፤ ለቡድኑ የሰጡት ተለይቶ ታየ። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ግን ለብቻቸው የሠሩትን ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ሰው ከዚያ በኋላ የሚያስበው አሥራ አንደኛውን ስለመብለጥ ነው፣ አሥራ አንደኛው ደግሞ ፊት ለፊቱ የሚቀመጥ የገዛ ጓደኛው ነው። እያንዳንዱ የራሱን የዛሬና የባለፈውን ሰዓት ቢያውቅ፣ አሰልጣኙ የሁሉንም ቢያውቅ፣ ይበቃል ባይ ነኝ።

የቀረችኝ አንዲት ጭቅጭቅ ናት፤ በክለባችን የመጨረሻዋ ተራ ላይ የተነሣች። ሁሉም ቀዝፎ ሲጨርስ አንክል ወደ ስድስት ቁጥር ዞረ። ስድስት ቁጥር አንጋፋ መሪ ነው፣ ሞገድ ያነባል፣ ሰርጡን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል።

«አንክል፣ እኔ መሪ ነኝ» አለ። «የእኔ ሥራ አቅጣጫ ነው። እኔን በሰዓት መለካት ምን ይጠቅማል?»

ክርክሩ ባዶ አይደለም። ሞገድ በበዛበት ባሕር ጎበዝ መሪ አንድም ምት ሳይቀዝፍ ታንኳዋን ሞገድ ላይ አስቀምጦ ደቂቃዎችን ሊያተርፍ ይችላል፤ ያንን የአላ ዋይ ቦይ አይለካውም። ግን የስድስቱን ወንበሮች አቀማመጥ እስቲ አስቡት። አንድ ቁጥርን አምስት ሰው ያየዋል። አራት ቁጥርን ሁለት ሰው ያየዋል። ስድስት ቁጥር የሁሉንም ጀርባ ያያል፤ የእሱን ጀርባ የሚያይ ግን የለም። ባሕሩ ሲረጋ፣ መምራት በማያስፈልግበት በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ፣ መቅዘፊያውን ለአመል ያህል ውሃ ውስጥ ነክሮ ቢቀመጥ ማን ያውቅበታል?

አንክል መልስ አልሰጠውም። ነጠላዋን ታንኳ በእግሩ ወደ ውሃው ገፋ አደረገለትና ሰዓቱን ወደ ዜሮ መለሰ። ስድስት ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ ለአምስት ቁጥር አስያዛትና፣ እየተነጫነጨ ወጣባት።

የእሱን ሰዓት አልነግራችሁም። አንክልም ለሌላ ሰው አልነገረም።